ስማርት ማብሪያ ማጥፊያ ከመግዛትዎ በፊት ግድግዳው ላይ ያለውን ይፍቱ

ብዙ ሰው መጀመሪያ ዕቃውን ይገዛል፤ ግድግዳው ላይ ያለውን የሚፈታው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። በብዙ ቤቶች ወደ ማብሪያው የሚወርደው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፤ አንዱ ከብሬከር የመጣው ፌዝ (ኃይል ይዞ የሚመጣው ሽቦ)፣ ሌላው ወደ አምፖሉ የሚመለሰው። ኒውትራሉ (ኮረንቱ ተመልሶ የሚሄድበት ሽቦ) ከላይ ባለው ስካቶላ፣ ማለትም በሽቦ መገናኛው ሳጥን፣ በኩል በቀጥታ ወደ አምፖሉ ያልፋል። ተራ ማብሪያ ይህ አያስጨንቀውም። በስልክ የሚታዘዘው ስማርቱ ግን መብራቱ ጠፍቶም ቢሆን ዋይፋዩ መሥራት አለበትና አብዛኛው ሞዴል ኒውትራል ይፈልጋል።

ከመፍታትዎ በፊት ብሬከሩን ያውርዱ፣ ናስትሮ ይለጥፉበት፣ ለቤተሰቡም ይንገሩ። «መብራት ሄዷል» ብሎ ብሬከር ሳያወርዱ መሥራት በጣም አደገኛ ልማድ ነው፤ መብራቱ የሚመጣው ሽቦው እጅዎ ላይ እያለ ሊሆን ይችላል። ጄኔሬተር ወይም ኢንቨርተር ካለ እሱንም ያጥፉ። ከዚያ መልቲሜትሩን በኤሲ ቮልት ላይ አድርገው መጀመሪያ በሚሠራ ሶኬት፣ ቀጥሎ በማብሪያው ሽቦዎች፣ በመጨረሻ እንደገና በሶኬቱ ይለኩ። ሦስተኛው ልኬት ትርፍ ሥራ አይደለም፤ መሣሪያው መሀል ላይ ከተበላሸ «ኃይል የለም» ያለዎት ዋሽቶ ነው። በካካቪቴ ቴስተር ብቻ አይተማመኑ። ደረቅ የእንጨት ወንበር ላይ ቆመው ፌዝ ቢነኩበት ላይበራ ይችላል። ብሬከሩ ወርዶም ኃይል ካለ፣ ምናልባት ብሬከሩ በስህተት ኒውትራሉ ላይ ተገጥሟል፤ ዋናውን ያውርዱና ስህተቱን በባለሙያ ያስተካክሉ።

በሽቦ ቀለም አይፍረዱ። ቀዩም ጥቁሩም ሰማያዊውም በእጅ የተገኘው የተዘረጋበት ቤት ብዙ ነው። ኒውትራሉን ለመለየት ኃይል ሳይኖር የመስመሩን አምፖሎች በሙሉ ያውጡ፣ የሽቦዎቹን ጫፎች ለየብቻ በሞርሴቶ (በሽቦ ማያያዣ) ይሸፍኑ፣ ከዚያ ብሬከሩን አንስተው ይለኩ። ከፌዙ ጋር 220 ቮልት አካባቢ የሚያሳየው ኒውትራል ነው። አምፖሉ ካልወጣ ግን የአምፖሉ ተመላሽ ሽቦም ያንኑ 220 ያሳያል፤ በአምፖሉ ውስጥ አልፎ ከኒውትራሉ ጋር ይገናኛልና። አረንጓዴ ቢጫው ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው የመከላከያ ሽቦ) ስለሆነ እሱም 220 ያሳያል፤ አይሳሳቱበት። ኃይል ባለበት መለካት ካልለመዱ ይህን ለኤሌክትሪሽያን ይተዉት።

ኒውትራል ከሌለስ? ጥሩው መፍትሔ ከዚያው መስመር ስካቶላ 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ በቱቦው መሳብ ነው። ቱቦው ከተደፈነ፣ በስማርት ማብሪያ ፋንታ ትንሿን ስማርት ሞጁል ኒውትራሉ ባለበት ስካቶላ ውስጥ ያስቀምጡና የግድግዳውን ተራ ማብሪያ ሞጁሉ ላይ ኤስ ዋንና ኤስ ቱ ከተባሉት መግቢያዎች ጋር ያገናኙት። እነዚህ ሁለት መግቢያዎች ፌዝ በማይፈልጉባቸው ሞዴሎች ላይ 220 ካስገቡባቸው ሞጁሉ ወዲያው ይቃጠላል፤ ዲያግራሙን ያንብቡ። ያለ ኒውትራል የሚሠራ ሞዴልም አለ፤ በአምፖሉ በኩል ጥቂት ኮረንት ስለሚያሳልፍ ትንሽ ኤልኢዲ ጠፍቶም ብልጭ ድርግም ይላል። ይህን ለመከላከል አብሮት የሚመጣው ካፓሲተር የሚገጠመው ማብሪያው ጋ ሳይሆን አምፖሉ ጋ ነው።

ኧርዙን ግን በኒውትራል ፋንታ አይጠቀሙ። መብራቱ ይበራል፤ አደገኛነቱም እዚሁ ላይ ነው። ኧርዙ አንድ ቦታ ቢበጠስ፣ ከእሱ ጋር የተያያዘው የፍሪጅና የምጣድ ብረት በሙሉ ኮረንት ይይዛል። ከሌላ ብሬከር መስመር ኒውትራል መዋስም ያው ነው፤ የአንዱን ብሬከር አውርዶ የሚሠራ ሰው በሌላው ይያዛል።

ሲገጥሙ በስማርት ማብሪያው ላይ በተጻፈው መሠረት ፌዙ ኤል ላይ፣ ኒውትራሉ ኤን ላይ፣ የአምፖሉ ተመላሽ ኤል ዋን ላይ ይግባ። ሽቦውን ከ7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ይላጡ፣ ብሎኑን ያጥብቁ፣ ከዚያ ጎተት አድርገው ይሞክሩት። የላላ ሽቦ በ10 አምፔር ግማሽ ኦም ብቻ ቢፈጥር 50 ዋት ሙቀት ነው፤ ፕላስቲክ ለማቅለጥ ይበቃል።

አብዛኛው ስማርት ማብሪያ ከ10 አምፔር አያልፍም። 3500 ዋት ምጣድ 16 አምፔር ገደማ ስለሚስብ ፈጽሞ አይሆንም። 2000 ዋት ቦይለርም 9 አምፔር ያልፋል፤ በኮንታክተር (ትልቅ ኮረንት በሚያበራና በሚያጠፋ ማብሪያ) በኩል ካልሆነ አያገናኙት። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ዕቃ ከሆነ ጽሑፉን ይመልከቱ፤ «120 ቮልት» ብቻ የሚል በ220 ይቃጠላል፣ «ከ100 እስከ 240» የሚል ይሠራል።

አፑ ላይ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማብሪያው ምን ይሁን የሚል ምርጫ አለ፤ «ይጥፋ» ላይ ያድርጉት። አምፖል ሲቀይሩ ደግሞ በስልክ ማጥፋትዎን እንደ ማጥፋት አይቁጠሩት። ሳሎን የተቀመጠ ልጅ በስልኩ ሊያበራው፣ ወይም ትናንት የሞሉት ሰዓት ሊደርስ ይችላል። መሰላል ላይ ከመውጣትዎ በፊት ብሬከሩን ያውርዱ።