ሬድዮው ስልክ አይደለም፦ በእግር ጉዞ ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ባለፈው ቅዳሜ ያው ነገር ተደገመ። ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ ተሰባስበን ሃያ ምናምን ሰው ቨርጂኒያ፣ ሸናንዶዋ ፓርክ ገባን። አምስት ዎኪቶኪ ተከፋፍለናል። ገና አንድ ማይል ሳንጨርስ ከኋላ የነበሩት "ይሄ ነገር አይሰራም" ብለው ሬድዮውን ቦርሳ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ግማሽ ቀን ስንፈላለግ ዋልን። ሬድዮው ይሰራ ነበር።

የማወራው እዚህ አሜሪካ በየሱቁ ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚሸጡት፣ ኤፍአርኤስ ስለሚባሉት የቤተሰብ ሬድዮዎች ነው። ፈቃድ አይጠይቁም። ወርሃዊ ክፍያ የላቸውም። ስልክ በማይሰራበት ጫካ ውስጥ በጣም ይጠቅማሉ። አያያዛቸውን ላወቀበት ማለቴ ነው።

ቁልፉን ተጭኖ ሰላምታ መደርደር

በዚህኛው ትዕግስቴ አልቋል። በሬድዮ ሁለት ሰው እኩል አይናገርም። አንዱ ቁልፉን ሲጫን ሌላው መስማት እንጂ መናገር አይችልም። የኛ ሰው ግን ይጫንና ይጀምራል፦ "ሄሎ፣ እንዴት ናችሁ፣ ደህና ናችሁ ወይ፣ ልጆቹ አልደከሙም፣ እማማስ እየቻሉ ነው?" ጥያቄውን ጨርሶ መልስ ይጠብቃል። ጣቱ ግን አሁንም ቁልፉ ላይ ነው። መልስ ሲያጣ "አይሰሙም" ይላል። እየሰሙህ ነው ወንድሜ! እንዳይመልሱ የከለከልካቸው አንተ ነህ።

አጠራሩ ቀላል ነው። የምትጠሩትን ሰው ስም፣ ከዚያ የራሳችሁን ስም፣ ከዚያ ጉዳዩን በአንድ ዓረፍተ ነገር። ጣት ይነሳል። ስለ እማማ ጉልበት ምሳ ላይ ትጠያየቃላችሁ። ስማችሁ ሰላም ከሆነ ደግሞ ለሬድዮ ሌላ መጠሪያ ፈልጉ። "ሰላም ሰላም" ሲባል ሁሉም ሰው ሰላምታ መስሎት "ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን" እያለ ይመልሳል።

ሌላም አለ። እኛ "አዎ" ለማለት ትንፋሽ ሳብ የምናደርጋትን ነገር ታውቋታላችሁ። ፊት ለፊት ላለ ሰው ትበቃለች። በሬድዮ ግን አትሰማም። አንድ ዘመዴን "ውሃ አላችሁ?" ብዬ ሦስት ጊዜ ጠየቅሁት። ሦስቴም ትንፋሹን ሳብ አድርጎ መልሷል። እኔ የሰማሁት ቁልፉ ሲጫንና ሲለቀቅ ብቻ ነበር። በሬድዮ አዎ ማለት "አዎ" ማለት ነው፤ በድምፅ።

ተጭኖ ወዲያው መናገር

ቁልፉን ከተጫናችሁ በኋላ አንድ ሰከንድ ያህል ጠብቁ። ካልጠበቃችሁ የቃሉ መጀመሪያ ይበላል። በአማርኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አሉታው ያለው ቃሉ መጀመሪያ ላይ ነውና። ይህን የማውቀው ራሴ ስላጠፋሁ ነው። ኦልድ ራግ ተራራ ላይ የተሳሳተ መንገድ ገብተን "አትውጡ!" አልኳቸው። የደረሳቸው "ውጡ!" ነው። አሥራ አንድ ሰው ዳገቱን ወጥቶ መጣልኝ። ከመሃላቸው አንዷ በአዲስ ጫማ ነበረች፤ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች። አሁን "አትውጡ" አልልም። "ቁሙ። እዚያው ቁሙ።" እላለሁ። "ቁ" ብትቆረጥ እንኳን ሁለተኛው ይደርሳል።

ካርቶኑን ማመን

ካርቶኑ ላይ "እስከ 35 ማይል" ተብሎ ተጽፏል። እኔም አምኜ ገዝቻለሁ። ይህ ቁጥር አንዱ ሰው ተራራ ጫፍ ላይ፣ ሌላው ሜዳው ላይ ሆነው፣ በመካከላቸው ምንም ሳይኖር የሚገኝ ነው። የእነዚህ ሬድዮዎች ሞገድ ከሞላ ጎደል ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ተራራ ዞሮ አያልፍም። ደን ውስጥ ግማሽ ማይል ወይም አንድ ማይል ካገኛችሁ ደህና ነው። መካከላችሁ ሸንተረር ከገባ በሦስት መቶ ሜትርም ልትጠፋፉ ትችላላችሁ።

መፍትሄው ቦታ መምረጥ ነው። ሸለቆ ውስጥ ሆናችሁ አትጩሁ፤ መጮህ ሞገዱን አያርቀውም። ሃምሳ እርምጃ ወደ ከፍታው ውጡና ሞክሩ። ሬድዮውን ወገባችሁ ላይ አንጠልጥላችሁ አትናገሩ። ሰውነታችን ራሱ ሞገዱን ይውጠዋል። ወደ ፊታችሁ ከፍ አድርጉት፣ አንቴናው ወደ ሰማይ ይቁም፣ ከአፋችሁ አራት ጣት ያህል ይራቅ። ማይኩን ከንፈር ላይ ለጥፎ የሚያወራ ሰው የሚሰማው እንደ ንፋስ ነው። መኪና ውስጥ ከሆናችሁም የመኪናው ብረት ያፍናችኋል። ስካይላይን ድራይቭ ላይ በአራት መኪና ስንሄድ የፊተኛው ሁለት ኩርባ ካለፈ በኋላ ድምፁ የለም።

ያገኙት ቻናል ላይ መቆየት

ሃያ ሁለት ቻናል አለ፤ ሁሉም ግን እኩል አይደሉም። ከ8 እስከ 14 ያሉት በግማሽ ዋት ብቻ ነው የሚሰሩት። የቀሩት እስከ 2 ዋት ይፈቀድላቸዋል። ለእግር ጉዞ ከ1 እስከ 7 ካሉት አንዱን ያዙ፤ ሁለተኛ መጠባበቂያም ተስማሙ።

የ"ምስጢር ኮድ"ን ምስጢር ነው ብሎ ማሰብ

ከቻናሉ በተጨማሪ ሬድዮው ላይ የምትመርጡት ቁጥር ነው፤ ስሙን ያወጣው ሻጭ ይመስለኛል። ኮዱ የሚዘጋው የእናንተን ጆሮ ነው፤ የሌላውን አይደለም። ያንን ኮድ የማይልክ ሰው እናንተ ጋ አይሰማም። የእናንተን ወሬ ግን ኮዱን ያጠፋ ሁሉ ይሰማል።

አንድ ጊዜ ድንኳን ተክለን አደርን። ከታች በኩል ያሉት ጎረቤቶቻችን ሙዚቃቸው አናት ይበጥሳል። እኛም በሬድዮ፣ በአማርኛ፣ በልባችን ያለውን ሁሉ አወራን። ኮድ አለን፣ ቋንቋውም የራሳችን ነው ብለን። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ሁለት ሰዎች ዎኪቶኪ በእጃቸው ይዘው እየሳቁ መጡ። "ሙዚቃውን ቀንሰናል፤ ቡናው ደርሷል ወይ?" የአገር ልጆች ናቸው። ለግማሽ ሰዓት ሲሰሙን ቆይተዋል። በሬድዮ ሊመልሱልን ሞክረው ነበር፤ ኮዳችን ስለዘጋቸው ነው በእግራቸው የመጡት። ቡናውን ያፈላችው እኅቴ ቀና ብላ ማየት አቃታት።

በዚያ ላይ የሁለት ኩባንያ ሬድዮዎች ስትቀላቅሉ ያው የኮድ ቁጥር ያው ላይሆን ይችላል። "አይሰራም" የሚባለው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ኮዱን ሁላችሁም ዜሮ አድርጉትና ተገላገሉ።

ትልቅ አንቴና ያለውን በርካሽ አግኝቶ መግዛት

አንቴናው የሚነቀል ከሆነ ወይም ጉልበቱ ከ2 ዋት በላይ ከሆነ የቤተሰብ ሬድዮ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ፈቃድ ይፈልጋል። ጉልበት ካማራችሁ ጂኤምአርኤስ የሚባለው፣ በፈቃድ የሚሰራ የሬድዮ ዓይነት አለ። ፈተና የለውም። 35 ዶላር ከፍላችሁ ፈቃዱን ለ10 ዓመት ታገኛላችሁ። ደስ የሚለው፣ አንድ ፈቃድ ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ ወላጅ፣ አያት፣ ወንድም፣ እኅት፣ አጎት፣ አክስት፣ አማች ድረስ ይሸፍናል። ለእኛ ዘመድ አዝማድ የተሰፋ ሕግ ነው። የዕድር አባልና አብሮ አደግ ግን አይቆጠርም፤ ጠይቄያለሁ።

ሳይሞክሩ መውጣት

ፓርኪንጉ ላይ ሞክሩ። ጎን ለጎን ቆማችሁ ግን አይደለም፤ ይጮህባችኋል። አንዱ ራቅ ብሎ ይሂድ። ትርፍ ባትሪም ያዙ፤ ብርድ ባትሪ ይበላል።

ቁልፍ ሲጫን የሌሎቹ ሬድዮ ላይ የሚጮኸውን የጥሪ ዜማ ለልጆች ማሳየት። በፍጹም።

ሰዓት

ይህን ስህተት አብዛኛው የሌላ አገር ተጓዥ አያውቀውም። "በዘጠኝ ሰዓት መኪናው ጋ እንገናኝ" አልኩ። ትልልቆቹ በአሜሪካ 3 ሰዓት መጡ። እዚህ የተወለዱት ልጆች ዘጠኝ ማለት የማታ ዘጠኝ መስሏቸው ፏፏቴው ጋ ተዝናንተው ቀሩ። ሬድዮአቸውን ደግሞ ባትሪ ለመቆጠብ አጥፍተውታል። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈለግናቸው። አሁን ሰዓት ስናገር "በአሜሪካ" ወይም "በኢትዮጵያ" ብዬ እጨምራለሁ። ስንጠፋፋ ምን እንደምናደርግም ከመነሳታችን በፊት ነው የምንስማማው። በየሰዓቱ መጀመሪያ ሁሉም ሬድዮውን ይከፍታል። ለሁለት ጊዜ ድምፅ የጠፋበት ቡድን ወደ መጨረሻው መገንጠያ ይመለሳል።

ሬድዮውን እንደ 911 (የአደጋ ጊዜ ስልክ) መቁጠር

በእነዚህ ቻናሎች ላይ ተቀምጦ የሚጠብቃችሁ የፓርክ ጠባቂ የለም። ሰው ከተጎዳ በሬድዮው ጓደኞቻችሁን አግኙ፤ ከእነሱ መካከል ስልክ የሚሰራበት ቦታ ላይ ያለው ይደውል።

ለአገር ቤት ስጦታ

በየክረምቱ አንድ ሰው ይጠይቀኛል፦ "ለወንድሜ ልጆች ይዤላቸው ብሄድስ?" ተዉት። የመገናኛ ሬድዮ ያለፈቃድ ወደ ኢትዮጵያ አይገባም፤ ቦሌ ጉምሩክ ላይ ይቀራል። አውሮፓም ላለ ዘመድ አትላኩ። እዚያ ለሕዝብ የተፈቀደው በ446 ሜጋኸርዝ ነው፤ የእኛው 462 እና 467 ላይ ስለሆነ ክልክል ነው። ለልጆቹ ኳስ ውሰዱላቸው።