ኮምፒውተሩ ሥራ ሲበዛበት ለምን ይንቀረፈፋል? ከፕሮሰሰር ግዢ በፊት የሚነበብ ችግርና መፍትሄ

ጥር ሲገባ የጎንደር ቪዲዮ ቤቶች እንቅልፍ የላቸውም፤ የጥምቀቱ ቀረጻ ተሠርቶ ሳያልቅ ሰርጉ ይደራረባል። በዚህ ወቅት ደጋግሜ የምሰማው «ኮምፒውተሬ ደክሟል፣ ከፍ ያለ ፕሮሰሰር ልግዛ» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ ግን ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነው ቺፕ) ጤነኛ ነው፤ መውጫ ያጣው ሙቀቱ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ምልክቱን ይለዩ።

ምልክት፦ ቪዲዮ ኤክስፖርት ሲደረግ (የተሠራው ወደ ፋይል ሲወጣ) መጀመሪያ ይፈጥናል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይንቀረፈፋል፣ ፋኑም ይጮኻል።

ምክንያት፦ ፕሮሰሰር የሙቀት ጣሪያው ላይ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጣሪያው ለኢንቴሉ ኮር አይ5-12400 100 ዲግሪ፣ ለኤኤምዲው ራይዘን 5 5600 ደግሞ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። «የጎንደር አየር ቀዝቃዛ ነው፣ ይበቃል» የሚሉ አሉ። ቅዝቃዜው በእርግጥ ይረዳል። ነገር ግን ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። በውኃ የሚሠራው ማቀዝቀዣም ከዚህ አያመልጥም፤ ውኃው የተሸከመውን ሙቀት በመጨረሻ የሚረከበው ያው አየር ነው። የበጋው አቧራ ሲጨመርበት ችግሩ ይብሳል።

መፍትሄ፦ ኮር ቴምፕ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ከፍተው፣ ኤክስፖርቱ እየሄደ ሙቀቱንና ፍጥነቱን ጎን ለጎን ይመልከቱ። ሙቀቱ ጣሪያው ላይ ቆሞ ፍጥነቱ ከወረደ በሽታው ታውቋል። ኮምፒውተሩን አጥፍተው፣ ገመዱን ነቅለው ጎኑን ይክፈቱ። ዋናው አቧራ ያለው ከፋኑ ሥር ነው፤ በአሉሚኒየሙ ክንፎች መካከል እንደ ስስ ጨርቅ ተነጥፎ ያገኙታል። ላዩን ብቻ የወለወለ ሰው ምንም አላጸዳም። ፋኑን ፈትተው ክንፎቹን በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉ፤ አየር የሚነፉበት ከሆነ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣትዎ ይያዙት።

ኮምፒውተሩ ተገጣጥሞ ከአዲስ አበባ የመጣ ከሆነ ሌላም ነገር ይፈትሹ። ከኢንቴል ፕሮሰሰር ጋር በካርቶን የሚመጣው ማቀዝቀዣ ማዘርቦርዱን (ዋናውን ሰሌዳ) የሚይዘው በ4 የፕላስቲክ እግሮች ነው። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ሲንገጫገጭ አንዱ እግር ሊነቀል ይችላል። አራቱን ማዕዘኖች ተራ በተራ በቀስታ ይነካኩ፤ የላላው ከፍ ዝቅ ይላል። እግሩን መልሰው ከመግጠምዎ በፊት በማቀዝቀዣውና በፕሮሰሰሩ መካከል ያለውን አሮጌ ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) በአልኮል ጠርገው፣ የአተር ፍሬ የሚያህል አዲስ ፔስት መሐል ላይ ያድርጉ። በራይዘን 5 5600 ላይ ግን ይጠንቀቁ፤ ፒኖቹ (ቀጫጭኖቹ የብረት እግሮች) ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ስለሆነ ማቀዝቀዣውን በኃይል የሳበ ሰው ፕሮሰሰሩን አብሮ ይነቅለዋል። ከማጥፋትዎ በፊት ጥቂት አሠርተው ያሙቁት፣ ከዚያ ማቀዝቀዣውን ግራና ቀኝ አዙረው ያንሱ።

ምልክት፦ ራይዘን 5 7600ኤክስ 95 ዲግሪ ላይ ይቆያል።

ይህ ብልሽት አይደለም፤ እስከዚያ ሙቀት ድረስ እንዲሠራ ተደርጎ የተሠራ ነው። ካስጨነቀዎት ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ኃይል ቆጣቢውን ኢኮ ሞድ 65 ዋት ላይ ያድርጉት፤ ሙቀቱ በእጅጉ ይወርዳል፣ ከፍጥነቱ የሚቀንሰው ጥቂት ነው።

ምልክት፦ በሥራ መሐል ድርግም ብሎ ይጠፋል።

ከመጥፋቱ በፊት ሙቀቱ ዝቅተኛ ከነበረ ፕሮሰሰሩን ይተዉት፤ ፓወር ሰፕላዩን (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠውን ሳጥን) እና የመብራቱን መዋዠቅ ይመርምሩ። ማቀዝቀዣ ተቀይሮ ወዲያው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ የሚጠፋ ከሆነ ግን ከሥሩ ያለው መከላከያ ፕላስቲክ ሳይላጥ ቀርቶ ይሆናል።

ምልክት፦ ጸድቶም፣ ፔስቱ ተቀይሮም፣ ሙቀቱ ደህና ሆኖም ሥራው ዘገምተኛ ነው።

አሁን አዲስ ፕሮሰሰር መግዛት ተገቢ ነው። ዋጋ ሲያወዳድሩ የፕሮሰሰሩን ብቻ አይጠይቁ፤ ማቀዝቀዣውን፣ ማዘርቦርዱንና ፓወር ሰፕላዩን ደምሩ። ኮር አይ7-13700ኬ 16 ኮር (ጎን ለጎን የሚሠሩ የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) አለው፣ ባለ 6 ኮሩን 12400 በሰፊው ይበልጠዋል፤ ነገር ግን እስከ 253 ዋት ይወስዳል፣ ማቀዝቀዣም አብሮት አይመጣም። 12400 ከፍተኛው 117 ዋት ሲሆን ማቀዝቀዣው በካርቶኑ ውስጥ አለ። ለሰርግ ቪዲዮ የምመክረው እሱን ነው፤ በውስጡ ያለው ግራፊክስ (ምስል አውጪ ክፍል) ኩዊክ ሲንክ በተባለው ክፍሉ ኤክስፖርትን ያፋጥናል። መጨረሻው ላይ «ኤፍ» ያለበት 12400ኤፍ ይህ ግራፊክስ የለውም፤ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ካልተገዛለት ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ወደፊት ፕሮሰሰር ብቻ መቀየር የሚያስብ ደግሞ ራይዘን 5 7600ን ይመልከት፤ 65 ዋት ነው፣ ማቀዝቀዣ አለው፣ ኤኤምዲም ሶኬቱን (ፕሮሰሰሩ ማዘርቦርዱ ላይ የሚቀመጥበትን) እስከ 2027 እ.ኤ.አ. እና ከዚያም በኋላ እደግፋለሁ ብሏል።

ያገለገለ የ13ኛ ወይም የ14ኛ ትውልድ አይ7 እና አይ9 ከቀረበልዎ ቆም ይበሉ። ኢንቴል በ2024 እ.ኤ.አ. እንዳመነው ከፍ ያለ ቮልቴጅ እነዚህን ፕሮሰሰሮች ያዳክማቸዋል፤ የባዮስ እድሳቱ ጉዳቱን ይከላከላል እንጂ የተጎዳውን አይመልስም። ሻጩ ባዮሱ መታደሱን ያሳይዎ፤ እዚያው ሱቁ ውስጥም ረዘም ያለ ቪዲዮ ኤክስፖርት አድርጎ እስከ መጨረሻው ያሠራልዎ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች የማይፈጥን ፕሮሰሰር የለም።