ዱዋል ቡት ኮምፒውተር ላይ ኤስኤስኤች «መታወቂያው ተቀይሯል» እያለ ሲጮህ

ከላፕቶፓችሁ ሆናችሁ ቤት ወዳለው ዴስክቶፕ በኤስኤስኤች (ሌላ ኮምፒውተርን ከሩቅ በተርሚናል ለማዘዝ በሚያስችለው መንገድ) ትገባላችሁ። ትናንት ሰላም ነበር። ዛሬ ተርሚናሉ በ«አት» ምልክት የታጠረ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ዘረገፈባችሁ፦ የሰርቨሩ መታወቂያ ተቀይሯል፣ ምናልባት አንድ ሰው ተንኮል እየሠራ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ፓስወርድ እንኳ ሳይጠይቅ ግንኙነቱን ዘጋው።

ዴስክቶፑ ላይ ኡቡንቱም ዊንዶውስም ካለ (ዱዋል ቡት የሚባለው ይሄ ነው)፣ ከመደንገጣችሁ በፊት አንድ ነገር እዩ። አሁን የተነሳው የትኛው ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። የኤስኤስኤች ሰርቨር ሲጫን ወይም መጀመሪያ ሲነሳ የራሱን የመታወቂያ ቁልፎች ይፈጥራል። ኡቡንቱ ኢቲሲ ስር ኤስኤስኤች በሚባለው ፎልደር ያስቀምጣቸዋል፤ ዊንዶውስ ደግሞ ሲ ድራይቭ ላይ ፕሮግራምዳታ ስር ባለው ኤስኤስኤች ፎልደር። ሁለቱ አይተዋወቁም። ራውተሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይፒ የሚያድለው የኔትወርክ ካርዱን ማክ አድራሻ፣ ማለትም የካርዱን መለያ ቁጥር፣ አይቶ ነው፣ ካርዱ ደግሞ ያው አንድ ነው፣ ስለዚህ የትኛውም ቢነሳ ያንኑ አይፒ ሊይዝ ይችላል። የቤት ቁጥሩ አንድ፣ ተከራዩ ሁለት። ላፕቶፓችሁ ኖውን ሆስትስ በሚባለው ፋይል ላይ የመዘገበው አንደኛውን ብቻ ስለሆነ፣ ሌላኛው በሩን ሲከፍት ይጮሃል። መጮሁም ልክ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ትእዛዞቹን እዚህ የምጽፋቸው በአፍ እንደምንጠራቸው ነው። ኪቦርድ ላይ በላቲን ፊደል አስገቧቸው።

ዱዋል ቡት ስለሆነ ብቻ «በቃ እሱ ነው» ብላችሁ አትለፉ። አሻራውን፣ ማለትም የቁልፉን አጭር መለያ፣ አመሳክሩ። ማስጠንቀቂያው ውስጥ ሻ 256 ብሎ የሚጀምር ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር አለ፣ የየትኛው ዓይነት ቁልፍ እንደሆነም ይናገራል፤ ብዙ ጊዜ ኢዲ 25519 ነው። ዴስክቶፑ ፊት ራሱ ሄዳችሁ ተቀመጡና ኤስኤስኤች-ኪጄን፣ ሰረዝ ኤል፣ ሰረዝ ኤፍ ብላችሁ በመጨረሻ የዚያኑ ዓይነት ቁልፍ ፋይል አድራሻ ስጡት፣ መጨረሻው ነጥብ ፐብ የሆነውን። ድርድሩ አንድ ዓይነት ከሆነ የራሳችሁ ማሽን ነው። ከሩቅ ሆኖ በዚያው በተጠረጠረው መስመር ገብቶ ማመሳከር ግን ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ መፍትሔው። ብዙ ሰው የሚያደርገው ኤስኤስኤች-ኪጄን ሰረዝ ትልቁ አር ብሎ አይፒውን መስጠት ነው። የድሮውን መዝገብ ያጠፋል፣ ኖውን ሆስትስ ነጥብ ኦልድ ብሎም ቅጂ ያስቀራል። ይሠራል፣ ግን እስከሚቀጥለው ሪስታርት ድረስ ብቻ። ኡቡንቱ ሲነሳ ታጠፋላችሁ፣ ዊንዶውስ ሲነሳ ታጠፋላችሁ። ከሁሉ የሚከፋው እጃችሁ መልመዱ ነው፤ የእውነት ሰርጎ ገብ የመጣ ቀንም ሳታነቡ ታጠፉታላችሁ።

እኔ የምመርጠው ለሁለቱም የየራሳቸውን ስም መስጠት ነው። ላፕቶፓችሁ ላይ በሆም ፎልደራችሁ፣ ነጥብ ኤስኤስኤች ውስጥ ኮንፊግ የሚባለውን ፋይል ክፈቱ፤ ከሌለ ፍጠሩት። እንዲህ ታደርጉታላችሁ፦

ሆስት ዴስክ-ኡቡንቱ
    ሆስትኔም 192.168.1.50
    ሆስትኪአሊያስ ዴስክ-ኡቡንቱ
    ቼክሆስትአይፒ ኖ

ሆስት ዴስክ-ዊን
    ሆስትኔም 192.168.1.50
    ሆስትኪአሊያስ ዴስክ-ዊን
    ቼክሆስትአይፒ ኖ

አይፒውን በራሳችሁ ቀይሩት። ሥራውን የሚሠራው ሆስትኪአሊያስ ነው፤ ክላየንቱ (ላፕቶፓችሁ ላይ ያለው ኤስኤስኤች) ኖውን ሆስትስ ላይ በአይፒው ሳይሆን በዚህ ስም ይፈልጋል። ቼክሆስትአይፒ፣ አይፒውንም ጨምሮ የሚያመሳክረው፣ ከኦፕንኤስኤስኤች 8.5 ጀምሮ በራሱ ጠፍቶ ይመጣል፣ የቆየ ቨርዥን ላላችሁ ግን መጻፉ አይጎዳም። ከዚያ «ኤስኤስኤች ዴስክ-ኡቡንቱ» ብላችሁ ትገባላችሁ። ለእያንዳንዱ ስም የመጀመሪያው ቀን ላይ አሻራውን አሳይቶ ይጠይቃችኋል፣ አመሳክራችሁ የስ በሉት። ጥቅሙ ደግሞ ይሄ ነው፦ ዴስክ-ኡቡንቱ ብላችሁ ዊንዶውስ ተነስቶ ከሆነ አሁንም ይጮሃል፣ ያኔ ግን ምን እንደተፈጠረ ወዲያው ይገባችኋል።

የላፕቶፑን ኮንፊግ መነካካት ካልፈለጋችሁ ፖርት (ሰርቨሩ ግንኙነት የሚቀበልበትን ቁጥር) መለየትም ያስኬዳል። ዊንዶውስ 22 ላይ ይቆይ፣ ኡቡንቱን 2222 ላይ አድርጉት። ፖርቱ ከ22 ውጭ ሲሆን መዝገቡ ላይ አድራሻው ከነፖርቱ ስለሚጻፍ አይጋጩም።

ሌላው መንገድ የአንዱን ቁልፎች ወደ ሌላው መገልበጥ ነው፤ ያኔ ሁለቱም በአንድ መታወቂያ ይቀርባሉ። ከብዙ ላፕቶፕና ስልክ ለምትገቡ ይሄ ይቀላል፣ ሁሉም ላይ ኮንፊግ ከመጻፍ ትድናላችሁ። ሁሉንም የቁልፍ ዓይነቶች ገልብጡ፣ አንዱን ብቻ አይደለም። ፈቃዱ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ሊኑክስ (ኡቡንቱ) ላይ የሚስጥር ቁልፉ ባለቤት ሩት፣ ፈቃዱ 600 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነበውና የሚጽፈው) ይሁን። ዊንዶውስ ላይ ሲስተምና አድሚኒስትሬተርስ ብቻ ይንኩት፤ ሌላ ተጠቃሚ ካለበት ሰርቨሩ ቁልፉን አልቀበልም ሊል ይችላል። ከዚያ ሰርቪሱን ሪስታርት አድርጉ።

«ሁለቱንም ቁልፍ በአንድ አይፒ ስር ብመዘግብስ?» ይቻላል፣ ክላየንቱ የትኛውንም ይቀበላል። ችግሩ አዳዲሶቹ ቨርዥኖች ላይ አፕዴትሆስትኪስ የሚባል ነገር በራሱ በርቶ ይመጣል፤ ከገባችሁ በኋላ ሰርቨሩ ያላቀረበውን ቁልፍ ጊዜው ያለፈበት ነው ብሎ ሊያጠፋው ይችላል። ለዚያ አድራሻ አፕዴትሆስትኪስን ኖ ካላላችሁት ተመልሳችሁ እዚያው ናችሁ።

ስትሪክትሆስትኪቼኪንግ (ቁልፉን በጥብቅ የሚያመሳክረውን) ኖ አድርጉና ኖውን ሆስትስን ወደ ዴቭ ነል (የተጻፈበትን ሁሉ ወደሚጥለው ፋይል) ላኩት የሚሏችሁን ግን አትስሙ። ማስጠንቀቂያውን ያጠፋል፣ ከነጥበቃው።

ደግሞ አሻራው ከኡቡንቱውም ከዊንዶውሱም ጋር ካልገጠመስ? ሲስተሙን ወይም ሰርቨሩን በቅርቡ እንደ አዲስ ጭናችሁ ከሆነ ቁልፉም አዲስ ነው። ካልሆነ ራውተሩ ላይ ግቡና ያንን አይፒ የያዘው የማን ማክ አድራሻ እንደሆነ እዩ፤ አንዳንዴ የሌላ ሰው ላፕቶፕ አይፒውን ወስዶት ታገኛላችሁ። ሁለቱም ካልሆነ የስ አትበሉ፣ ፓስወርድም አታስገቡ።