በነሐሴ ዝናብ የጽጌረዳ ሥር እንዳይታፈን

ጅማ ላይ ዝናቡ እስከ መስከረም ስለሚዘልቅ፣ በዚህ ሰሞን በግቢያችሁ ያለው ጽጌረዳ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ቢጠወልግ፣ ውኃ የጠማው ሳይሆን ሥሩ በውኃ ተጥለቅልቆ አየር ያጣ ሊሆን እንደሚችል አስቡ። እርጥቡን አፈር መርገጥ ይበልጥ ስለሚጠቀጥቀው፣ ከመደቡ ዳር ቆማችሁ ውኃው ወደ ዝቅተኛው ቦታ የሚወርድበት ጠባብ ቦይ ቅደዱለት፤ እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ይህንን ነው። ጥቁር ነጠብጣብ የወጣባቸውንና የረገፉትን ቅጠሎች ለቅማችሁ ከግቢ አርቁ፣ ምክንያቱም በሽታው በዝናብ ፍንጣቂ ከታች ወደ ላይ ይዛመታል። ማዳበሪያውን ዝናቡ አጥቦ ስለሚወስደው ለጊዜው አቆዩት። ዝናቡ ጋብ ሲል ግን በአካባቢያችን በቀላሉ የሚገኘውን የቡና ገለባ፣ በደንብ የበሰበሰውን ብቻ፣ ግንዱን ሳታስነኩ በዙሪያው ጉዝጓዝ አድርጉለት።