መኪናችሁ ስር ያለው ጠብታ የምንድን ነው?

ማታ መኪናውን ደልዳላ ቦታ ስታቆሙ ከስሩ ካርቶን አንጥፉ። ጠዋት ጠብታውን እዩት። ጥቁር ወይም ቡናማ ሆኖ ጣት ላይ የሚያዳልጥ ከሆነ የሞተር ዘይት ነው፤ ብዙ ጊዜ የማፍሰሻው ቡሎን ላልቶ ወይም የፊልትሮው ጎማ አልቆ ነው። አረንጓዴ ወይም ሮዝ ሆኖ ጣፋጭ ሽታ ካለው ከራዲያተር ነው። የቱቦውን ማሰሪያ አጥብቁ፤ ክዳኑን ግን ሞተሩ ሳይበርድ እንዳትከፍቱ። ንጹህ ውሃ ከኤሲ ነው፣ እርሱት (ደብረ ብርሃን ላይ ኤሲ የሚከፍት ካለ ማለቴ ነው)።

ጎማው አጠገብ ፈዛዛ ቢጫ ቀጭን ፈሳሽ ካያችሁ ግን የፍሬን ዘይት ሊሆን ይችላል። እሱን እየሞሉ መሄድ የለም። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ከ1500 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፤ በጣርማ በር ቁልቁለት ፍሬን አይቀለድበትም። መካኒኩን መኪናው ወደቆመበት ጥሩት።