ግድግዳ ሳይበሱ ኮምፒዩተሮችን ማገናኘት

ደሴ ላይ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያለው ቤት ውስጥ ዋይፋይ ሳሎን ሞልቶ ጓዳ ሲደርስ ይጠፋል። ሰርቪስ ክፍል ለሚያጠናው ልጅማ ጭራሽ አይደርሰውም። አዲስ ኬብል ከመዘርጋታችሁ በፊት ቤቱ ውስጥ ምን ሽቦ እንዳለ እዩ።

ስምንት ቀጫጭን ሽቦ ያለው፣ ላዩ ላይ ካት 5ኢ ወይም ካት 6 የሚል ገመድ ካገኛችሁ ሌላ አትፈልጉ። እስከ 100 ሜትር ያደርሳል። ባለ ሁለት ሽቦውን የስልክ መስመር ተዉት፤ ኢንተርኔቱ በሱ የሚገባ ከሆነ ደግሞ ባትነካኩት ይሻላል።

የዲሽ ገመድ ያጓጓል። ኢንተርኔቱን በሱ የሚያሳልፍ ሞካ የሚባል አዳፕተር አለ፣ ፈጣንም ነው። ችግሩ፣ ከኤልኤንቢ (ዲሹ ላይ ካለው ሲግናል መቀበያ) ወደ ሪሲቨር የሚወርደው ሲግናል ከ950 እስከ 2150 ሜጋኸርዝ ነው፤ ሞካም እዚያው መሃል ይገባል። ሁለቱ በአንድ ገመድ አይሄዱም። ደግሞስ እኛ ጋ ገመዱ ከጣሪያ ወርዶ ቴሌቪዥኑ ጋ ያበቃል እንጂ ከክፍል ክፍል መች ይዞራል?

ስለዚህ የሚቀረው የመብራት ሽቦ ነው። ኢንተርኔቱን በመብራት ሽቦ የሚያሳልፈው ፓወርላይን አዳፕተር በጥንድ ይገዛል፤ አንዱ ራውተሩ ጋ፣ ሌላው ኮምፒዩተሩ ጋ ይሰካል። ጣጣው የቱ ሶኬት ላይ የሚለው ነው።

ቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት። ዲቫይደር ላይ ፍጥነቱ ይወርዳል። ስታብላይዘር ወይም ዩፒኤስ ላይ ከሆነ ጨርሶ ላይገናኙ ይችላሉ። ኮምፒዩተሩ ስታብላይዘሩ ላይ ይቆይ፣ አዳፕተሩ ግን ለብቻው ግድግዳ ይፈልጋል። ጎኑ ላይ ርካሽ የሞባይል ቻርጀር አትሰኩ፤ ከምጣድ ይበልጥ የሚረብሸው እሱ ነው።

ሶስት ፌዝ የገባበት ቤት ከሆነ ሁለቱም ሶኬቶች አንድ ፌዝ ላይ ቢሆኑ ይመረጣል። አንዱ ፌዝ ሲሄድ ግማሹ ቤት ጨልሞ ግማሹ ይበራ የለ? አብረው የሚጠፉትን ሶኬቶች ልብ በሉ። ቆጣሪው የተለያየ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን አታውጡ።

ከአከራይ ጋር በአንድ ቆጣሪ የምትኖሩ፣ አዳፕተሮቹ ላይ ያለውን የማጣመሪያ ቁልፍ ሳትጫኑ አትለፉ። አለዚያ ጎረቤት ተመሳሳይ አዳፕተር ሲሰካ ኔትወርካችሁ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ካርቶኑ ላይ 600 ሜጋ ስላለ አትጠብቁ፤ በተግባር የሚገኘው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። አብሽሩ፣ ለትምህርትና ለቪዲዮ አያንስም። አንድ ትልቅ ፋይል ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር እየገለበጣችሁ ሶኬት ቀያይሩ፤ ቶሎ የጨረሰበት ላይ ተዉት።