የሃይማኖት ቃላትን ምንጭ ስንፈልግ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ይህ ቃል መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ ወይ?» የሚለው ክርክር ጎንደር ላይ በየሰንበቴው ይነሳል። ጥያቄው መልካም ነው፤ የሚያሳስተው ብዙ ጊዜ አፈላለጉ ነው።

ቃልን በድምፅ መሰንጠቅ

«እግዚአብሔር»ን እግዚእ፣ አብ፣ ኄር ብሎ ከፍሎ «ጌታ፣ አባት፣ ቸር» ከሚሉት ቃላት መጣ የሚል ብዙ ነው። ይህ አከፋፈል ምሥጢረ ሥላሴን ለማስተማር ያገለግላል፤ የቃሉ ዘር ግን ሌላ ነው። በግእዝ ሰዋስው ተናባቢ (ሁለት ስሞች ተያይዘው «የእገሌ እንትን» የሚሉበት አነጋገር) ነው፦ እግዚአ ብሔር፣ የአገር (የዓለም) ጌታ። ፊደሉን ማየት ይበቃል። «ብሔር» በሐመሩ ሐ ይጻፋል፤ ቸር ማለት የሆነው «ኄር» ግን በብዙኃኑ ኀ ነው። በአማርኛ ሀ፣ ሐ፣ ኀን አንድ አድርገን ስለምንጠራቸው ጆሯችን ያታልለናል። ስለዚህ የቃል ምንጭ ሲፈለግ መጀመሪያ የግእዙን ፊደል ማጣራት ግድ ነው።

በአንድ ትርጉም ብቻ መወሰን

ትልቁ ስህተት ይህ ይመስለናል። የአማርኛውን ብቻ ያነበበ ሰው ኖኅ «መርከብ» ሠራ፣ ሙሴ «ታቦት» አሠራ ይላል። ግእዙ ግን ሁለቱንም «ታቦት» ይላቸዋል። ዕብራይስጡ ደግሞ ይለያቸዋል፦ የኖኅ መርከብና ሕፃኑ ሙሴ የተቀመጠበት የደንገል ሣጥን «ቴባ»፣ የቃል ኪዳኑ ታቦት «አሮን» (የካህኑ የአሮን ስም አይደለም) ይባላሉ። «ታቦት» ከአራማይክ የገባ ሲሆን የ«ቴባ» ዘመድ ነው።

ሌላም ግራ መጋባት አለ። በዘጸአት 25፥10 የታቦቱ ርዝመት ሁለት ክንድ ተኩል፣ ወርዱና ቁመቱ አንድ ክንድ ተኩል ነው፤ የሚሸከሙትም በመሎጊያ ነው። ጥር 10 በከተራ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርድ በካህኑ ራስ ላይ የምናየው ጽላቱ ነው፤ ታቦት የምንለው ከቃል ኪዳኑ ታቦት በተወረሰ ስም ነው። ሁለቱን ያልለየ ሰው ጥቅሱንም ሥርዓቱንም ያዛባል።

ዛሬ የምናውቀውን ትርጉም ወደ ጥንት መውሰድ

አንደኛ ቆሮንቶስ 16፥19 በአቂላና በጵርስቅላ «ቤታቸው ካለች ቤተ ክርስቲያን» ይላል። ጉልላት ያለው ሕንፃ የሚያስብ አንባቢ እዚህ ይቸገራል። የግሪኩ «ኤክሌሲያ» ጉባኤ፣ የሰው ስብስብ ማለት ነውና። «ፋሲካ»ም እንዲሁ ነው፤ በዘጸአት 12 የእስራኤል የመሻገር በዓል ነው እንጂ ትንሣኤ አይደለም።

ቃሉ ከሌለ ትምህርቱም የለም ማለት

«ሥላሴ» የሚለው ቃል በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ጥቅሶች ውስጥ አይገኝም። ሠለሰ፣ ሦስት አደረገ፣ ከሚለው ግስ የወጣ የሊቃውንት ቃል ነው። ማቴዎስ 28፥19 ግን «በአብ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ስም» ይላል፤ በጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ከስቅለቱ በላይ የተሣሉት ሦስቱ እኩል ሽማግሌዎች የሚናገሩትም ይህንኑ ነው። «ቃሉ የለም» ማለት እውነት ነው፤ «ስለዚህ ፈጠራ ነው» ማለት ግን ለብቻው ማስረጃ የሚጠይቅ ሌላ ክስ ነው።

ቃልን ለአንድ ሃይማኖት ብቻ መስጠት

«መስጊድ» የእስልምና ብቻ ይመስለናል። በጎንደር አጠገብ በወለቃ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን (የኢትዮጵያ አይሁድ) ግን የጸሎት ቤታቸውን መስጊድ ይሉ ነበር። ግንዱ ሰገደ ነው፤ የስግድ በዓላቸውም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው።